ለምንታምር ያጨበጨብንበት ቀን

ወሬ የማይቆይብኝ ልጅ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ስሜ ፈቲያ መሆኑን የሚያስታውሱት ስም የሚጠሩ መምህራን ብቻ ነበሩ፤ ለሌላው ሁሉ «ሬዲዮ» ነኝ። መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ ማን እንደታጨች፣ የማን ሱቅ እንደታሸገ፣ የትኛው መምህር ሊቀየር እንደሆነ ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። የሰማሁትን ሳልናገር ካደርኩ ደግሞ ሆዴን ይነፋኛል። ታዲያ በዚያ ቀን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ምስጢር እንድጠብቅ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹ ምን ነክቷቸው እንደነበር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ከምንታምር ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። እሷ ዝምተኛ፣ እኔ ለፍላፊ፤ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እገለብጣለሁ። በዓላችን ይለያይ እንጂ የበዓሉ ምግብ ከሁለት ቤት አይጠፋም ነበር፤ በእኛ ኢድ እሷ፣ በእነሱ ፋሲካ እኔ እንግዳ ነን። እናቷ እትዬ አስካለ እህል በረንዳ ጥራጥሬ ይሸጣሉ። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ግርማ ነው ማለት ይቻላል። ግርማ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ የከሰል ምድጃ ይሠራ ነበር። ዩኒፎርሟን የሚገዛው፣ ወላጅ ጥሩ ስትባል የሚመጣው እሱ ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ በዚያ በኩል ካለፍን መዶሻውን አስቀምጦ «ሬዲዮ፣ የዛሬ ዜና ምንድነው?» ይለኝና አንዳንድ ሳምቡሳ ይገዛልናል። ሲሄድ ማንንም አልተሰናበተም። በሱዳን አድርጎ ሊቢያ መግባቱን የሰማነው ከብዙ ወር በኋላ ነው።

የዚያን ሳምንት እሁድ የሆነውን እናንተም ታስታውሱታላችሁ። ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችን በክርስትናቸው ምክንያት ሲገደሉ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ። ዝርዝሩን አልደግመውም። ሰኞ ዕለት መርካቶ መርካቶ አትመስልም ነበር፤ ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» ብሎ ለመጮህ እንኳን አፍሮ በዝግታ ነበር የሚያልፈው። እኔ ደግሞ የራሴ ፍርሃት ነበረኝ። ገዳዮቹ በእስልምና ስም ነው የሚምሉት፤ ምንታምር ፊት በምን ዓይኔ እቀርባለሁ እያልኩ ነው ክፍል የገባሁት። እሷ ግን ገና ስታየኝ እጄን ያዘችኝና አለቀሰች።

«ግርማዬስ እግዚአብሔር ይመስገን ተሻግሯል» አለችኝ። «ከሁለት ሳምንት በፊት ሲደውል ‹ቀጥሎ የምደውለው ከጣሊያን ነው› ብሎናል። የእነዚህ ልጆች እናቶች ግን ምን ይውጣቸዋል ፈቲዬ?»

ያን ቀን ያለቀሰችው ለሰው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ የሕሊና ጸሎት ካደረግን በኋላ ወደ ክፍል ስንገባ የክፍል ኃላፊያችን ቲቸር አልማዝ ትከሻዬን ነካ አድርገው ከመምህራን ማረፊያ ጀርባ ወሰዱኝ። እዚያ አባዬና የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ቆመዋል። አባዬ ብርድ ልብስ ነጋዴ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሱቁን ትቶ አያውቅም።

«እማ ናት?» አልኩት።

«እናትሽ ደህና ናት። አትጩኺ እሺ? ግርማ ነው።»

ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ቀጠሉ። «ከእነሱ መሃል ነው ልጄ። የምናለሽ ተራ ጓደኞቹ አይተው ለይተውታል። አብሮት የነበረ ልጅም ትናንት ማታ ደውሎ አረጋግጧል።»

አፌን የሸፈነው የአባዬ እጅ ይሁን የራሴ አላስታውስም። ቲቸር አልማዝ እንባቸውን እየጠረጉ «ታዲያ ለምን አሁን ቢሮ ጠርተን አንነግራትም? እንዴት ሳታውቅ ትውላለች?» አሉ።

«የለም መምህርት» አሉ ጋሽ ወልዴ። «መርዶ ጠዋት ነው። እናቷም ገና አልሰማችም፤ እህል በረንዳ ሴቶቹ እንዳትሰማ ከበዋታል። አጎቷ ከሆሳዕና ተነስቷል፤ ሲመሽ ይገባል። ነገ ጎህ ሲቀድ ሁለቱም አንድ ላይ፣ ዘመድ ከቧቸው፣ የሚይዛቸው ሰው ግራ ቀኝ ቆሞ ይረዳሉ። አሁን ብቻዋን ብትሰማው ማን ያጽናናታል? እናቷን ማን ያቆማታል? ቤት ብትውል ደግሞ ጎረቤቱ ፊቱን መደበቅ አይችልም። እዚሁ ትዋል።»

ከዚያ ሦስቱም እኔን አዩኝ።

«ከጎኗ እንዳትለዪ» አለኝ አባዬ። «ስልክ እንዳታይ። ወሬ እንዳትሰማ። ፈቲ፣ ምላስሽን ለዛሬ ብቻ ያዢልኝ። እስከ ነገ ጠዋት እንዳትነግሪያት።»

ክፍል ስገባ ምንታምር ደብተሯን ከፍታ ቦታ ይዛልኛለች።

«ምን ሆነሽ ነው? አመድ መስለሻል» አለችኝ።

«አባዬ ነው። የሱቁን ቁልፍ በቦርሳዬ ይዤበት መጥቼ ሰድቦኝ ሄደ።»

በውሸት ጎበዝ ነኝ፤ ይህን ያህል ጎበዝ መሆኔን ግን አላውቅም ነበር። ቀና ብላ ካየችኝ እንደምትረዳ ስለፈራሁ ሥራ ሰጠኋት፤ አሳቅኋት። የሒሳብ መምህራችንን አረማመድ በሁለት ጣቴ ዴስኩ ላይ አስመሰልኩላት። የዘበኛውን አስነጣጠስ አስነጠስኩላት። እሷ ሳቋ ሲመጣ አፏን በሹራቧ እጅጌ ነው የምትሸፍነው፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ እንዲያ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ጥያቄ እንዳይመጣ ብዬ ሌላ ጨመርኩላት።

በእረፍት ሰዓት ከክፍል ላለመውጣት ሆዴን አመመኝ አልኳት። «እንደውም አየር ያስፈልግሻል» ብላ ጎትታ አወጣችኝ። ግቢው ጥግ ላይ ልጆች አንገታቸውን አቀርቅረው ተሰብስበዋል። መሃላቸው ናሆም አለ። ናሆም ስልክ በካልሲው ደብቆ የሚገባ የክፍላችን ልጅ ነው። ቀና ሲል እኛን አየን። ከዚያ ስልኩን አየ፣ መልሶ ምንታምርን አየ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግራ የገባው ልጅ ፊት ነበር። ስልኩን ይዞ ወደ እኛ መጣ።

«ምንታምር፣ ይሄ ልጅ ወንድም…»

ቃሉን አላስጨረስኩትም። ባለ በሌለ ኃይሌ እጁን መታሁት። ስልኩ በረረና ግድግዳው ሥር ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ፤ በላዩ ላይ ዘልዬ ረገጥኩት።

«እብድ ነሽ እንዴ!» ናሆም ጮኸ። «የእህቴ ስልክ ነው! ምን አድርጌሽ ነው?»

«ስልክ ክልክል ነው!» አልኩት፤ እኔ፣ ሕግ አክብሬ የማላውቀው።

ምንታምር ሳቀች። «ሬዲዮ፣ ዛሬ ምን በልተሽ ነው የመጣሽው? ደግሞስ ምን ሊያሳየኝ ነበር?»

«ምን ያሳይሻል፤ የማይረባ ፎቶ ነው። ውሃ አምጪልኝ፣ ሆዴን።»

ውሃ ልታመጣልኝ ስትሄድ ናሆምን በኮሌታው ይዤ ግድግዳ ላይ አስጠጋሁት። ነገርኩት። እስከ ነገ ጠዋት እንዳይነገራት መባሉንም ነገርኩት። ፊቱ ነጭ ሆነ። የተሰበረውን ስልክ ለቀመና ወደ ልጆቹ ተመለሰ። የእረፍቱ ደወል ሲደወል ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር። ከሃምሳ በላይ ልጆች፣ ያለወትሯቸው ሳይጋፉ በተራ ገቡ። አንዷ ልጅ ምንታምርን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ናሆም ከኋላ በእስክሪብቶ ወጋት። እንዲህ ሆነን ነው አራተኛውን ክፍለ ጊዜ የጀመርነው።

አራተኛው የሥነ ዜጋ ነው። መምህራችን ቲቸር መኮንን ጠዋት ሌላ ትምህርት ቤት አስተምረው ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ቲቸር አልማዝ ለሌሎቹ መምህራን የነገሯቸውን አልሰሙም። በቀጥታ ከታክሲ ወርደው ክፍል ገቡ። አዝነዋል፤ ያስታውቃሉ። ደብተራቸውን እንኳን አልከፈቱም።

«ዛሬ ትምህርት የለም» አሉ። «ሁላችሁም ወረቀት አውጡ። ልጃቸው ሊቢያ ለሞተባቸው አንዲት እናት የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፉ። የማታውቋት እናት ናት። ሃያ ደቂቃ አላችሁ፤ ከዚያ እየተነሳችሁ ታነባላችሁ።»

ክፍሉ ውስጥ አንድም እስክሪብቶ አልተነሳም። ከምንታምር በስተቀር። እሷ ወዲያው አቀርቅራ መጻፍ ጀመረች። መጻፍ ትወዳለች፤ ስትጽፍ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ውጪ ላናግርዎት።»

«ቁጭ በይ ፈቲያ። ዛሬ እንኳን ትንሽ ዝም በይ።»

ብዙ ስለቀባጠርኩ ማንም የማያምነኝ ሰው እንደሆንኩ ያወቅኩት በዚያች ደቂቃ ነው። ናሆምም «ቲቸር፣ ሽንት ቤት» ብሎ ተነሳ፤ ቲቸር አልማዝን ሊጠራ እንደሆነ ገባኝ። እሱንም አስቀመጡት።

ሃያው ደቂቃ አለቀ። መምህሩ ወረቀቶቹን እያዩ በዴስኮቹ መካከል ሄዱ። ሁሉም ባዶ ነው። ከፋቸው፤ ልብ የለሾች መሰልናቸው። እኛ ዴስክ ጋ ሲደርሱ የምንታምርን ወረቀት አዩ፤ ሙሉ ገጽ ጽፋለች።

«ቢያንስ አንድ ሰው አለ። ወጥተሽ አንብቢልን።»

«ቲቸር እኔ ላንብብላት!» ብዬ ወረቀቱን ጨበጥኩት።

«ፈቲያ! ልቀቂ!»

ምንታምር ራሷ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ወጥታ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመች። አነበበች። ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፤ እንደ ዱዓ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ብዬዋለሁ።

«ለማላውቅሽ እናቴ። ስምሽን አላውቅም። ልጅሽን ግን የማውቀው ይመስለኛል፤ የእኔም ወንድም በዚያው መንገድ ነው የሄደው። እናቴ ወንድሜ የሄደ ሰሞን ሲርበው ይመጣል እያለች ራቱን ታስቀምጥለት ነበር። አንቺም አስቀምጠሽለት ይሆናል። እባክሽ ያንን ራት ብይው። ካልበላሽ ትታመሚያለሽ። ብቻሽን አይደለሽም። ወንድሜ ከጣሊያን ሲደውል ስለ አንቺ እነግረዋለሁ። ደግ ነው። ሥራ ሲይዝ የእኔን እናት ብቻ ሳይሆን አንቺንም ይጦርሻል። ልጅሽ ምንታምር።»

ከኋላ አንድ ልጅ አፉን በቦርሳው አፍኖ ሲንሰቀሰቅ ይሰማል። ቲቸር መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ። ለቅሶው ከደብዳቤው የመጣ መሰላቸው፤ እሷም መሰላት።

«አጨብጭቡላት» አሉ።

ማንም አልጀመረም። ምንታምር ወረቀቷን ይዛ ቆማለች፤ ማፈር ጀመረች፤ እኔን አየችኝ፤ መጥፎ ጻፍኩ እንዴ ዓይነት አስተያየት። ጭብጨባው ከቀረ ለምን ብላ እንደምትጠይቅ ገባኝ። አጨበጨብኩ። ናሆም ተከተለኝ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ፣ እንባውን እያፈሰሰ፣ ለምንታምር አጨበጨበላት። እሷ እየሳቀች፣ አፏን በእጅጌዋ ሸፍና፣ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«እናንተን እኮ አስለቀስኳችሁ» አለችኝ በጆሮዬ። ደስ ብሏት ነበር።

የቀረው ሰዓት እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስንወጣ በምናለሽ ተራ በኩል እንዳናልፍ በአብነት ሰፈር ዞርን፤ ለምን ብትለኝ እማ ክር ግዢ ብላኛለች አልኳት። ክሩንም ገዛሁ። ሰፈራችን ስንደርስ ጋሽ ወልዴ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ በዓይናቸው ጠየቁኝ፣ አልሰማችም ለማለት ራሴን ነቅነቅ አደረግኩላቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታማኝ ሆንኩ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ በሙሉ በነጠላና በሻሽ ተሸፋፍኖ ደጃቸው ላይ በጸጥታ ቆሞ ነበር። እማ እጄን ይዛኛለች። አጎቷና ጋሽ ወልዴ ገቡ። ከዚያ የእትዬ አስካለ ጩኸት መጣ። ሁላችንም ተያይዘን ገባን። ጋሽ ወልዴ እንዳሉት ነው የሆነው፤ ሴቶቹ እትዬ አስካለን ግራ ቀኝ ይዘው አቆሟቸው፤ አባዬና ሌሎቹ ወንዶች ድንኳን ሊተክሉ ወጡ። ብቻቸውን አልነበሩም። ይህን አልክድም።

ምንታምር ግን አልጮኸችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች። አጠገቧ ሄጄ ልይዛት ስል እጄን በቀስታ ያዘችና ከራሷ አራቀችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት። ጠዋት።»

«ስታጨበጭቢልኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ስትመለስ መስኮቱ ጋ ብቻዋን ተቀመጠች። አልተጣላንም። ሰላም ስላት ሰላም ትለኛለች፣ ማስታወሻ ስጠይቃት ትሰጠኛለች። እንደ እንግዳ ሰው በጨዋነት። አንድ ቀን የዘበኛውን ማስነጠስ ሞከርኩላት፤ ፊቷን አዞረች። ክረምቱ ሲገባ እትዬ አስካለ መደባቸውን ለሌላ ሰው አስተላልፈው ልጃቸውን ይዘው ወደ ሆሳዕና ሄዱ። እኔ ሬዲዮነቴን የተውኩት በዚያው ነው። ከጎኔ የሚያዳምጠኝ ሰው ስለሌለ አይደለም፤ በየወሬው መሃል እሷን ስለማይ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ትክክል ሠራን ወይስ ተሳሳትን የሚለውን ለዓመታት አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ብነግራት ኖሮ በትምህርት ቤት ግቢ፣ እናቷ በሌሉበት፣ በአንዲት ቀባጣሪ ልጅ አፍ ነበር የምትሰማው። ስላልነገርኳት ደግሞ የሆነውን አያችሁ። መልስ አላገኘሁም ነበር፤ መልሱን ያመጣችልኝ ራሷ ናት።

ስድስት ዓመት አለፈ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነበር። አንድ ጠዋት አጎቴ ደወለና «አባትሽን ትንሽ አሞታል፤ ነገ ተረጋግተሽ ነይ» አለኝ። አመንኩት። ሰው በራሱ ላይ ሲሆን እንዴት እንደሚያምን አትጠይቁኝ። ሻይ እየጠጣሁ ሳለ በማላውቀው ቁጥር ስልኬ ጮኸ።

«ፈቲያ፣ ምንታምር ነኝ።»

የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጬ ተነሳሁ።

«አጠገብሽ ማን አለ?» አለችኝ።

«ሩቂያ። አንድ ዶርም ነን።»

«ስልኩን ስጫት።»

ሩቂያ ተቀብላ አዳመጠች። ፊቷ ተለዋወጠ። መጥታ አልጋዬ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች፤ በአንድ እጇ ወገቤን አቀፈችኝ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

«ይዛሻለች?» አለች ምንታምር።

«ይዛኛለች።»

«ፈቲዬ፣ ጋሼ ሌሊት አርፈዋል። እናቴ ከመርካቶ ሰዎች ሰምታ ነው። ለአንቺ ነገ ሊነግሩሽ ነው ያሰቡት። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይቀበራሉ። አሁን ከተነሳሽ ትደርሻለሽ።»

ምን ያህል እንደጮኽኩ አላውቅም። ሩቂያ አልለቀቀችኝም። ልቤ ሲመለስ ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ሂጂ» አለችኝ። «ፊታቸውን እዪ።» ከዚያ ዘጋችው።

ሩቂያ ሚኒባስ ውስጥ ድረስ አብራኝ ገባች። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰባተኛ ወረድን። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰው ሞልቷል፣ ሲያዩኝ ሁሉም ደነገጡ፤ «ማን ነገራት?» ሲባባሉ እሰማለሁ። ገፍቼ ገባሁ። አባዬ ታጥቦ ከፈኑን ለብሷል፤ ፊቱን ገና አልሸፈኑትም ነበር። ግንባሩን ሳምኩት። እማ ከኋላ ያዘችኝ።

ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ሲወጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ያንን ቁጥር መደወል ነበር። ያነሳው አንድ ባለሱቅ ነው። «ልጅቷ መንገደኛ ናት፣ ስልኬን ለምና ነው የደወለችው» አለኝ። ሆሳዕና ሄጄ ጠይቄያለሁ። እናትየው ወደ ገጠር ዘመድ ጋ ገብተዋል አሉኝ፤ ልጅቷ አረብ አገር ሄዳለች የሚሉም አሉ፣ ሻሸመኔ ናት የሚሉም አሉ። ቁጥሬን ከማን እንዳገኘችው እንኳን አላውቅም። በአብነት ሳልፍ፣ አፏን በእጅጌዋ ሸፍና የምትስቅ ሴት ባየሁ ቁጥር እከተላታለሁ፤ ቀረብ ስል ሌላ ሰው ናት። በጣም ትናፍቀኛለች። ሰው የሞተበትን ሰው መናፈቅ ይለምደዋል፤ በሕይወት ያለን ሰው መናፈቅ ግን አይለመድም።

እናንተም አንድ ቀን የሰው መርዶ እጃችሁ ላይ ይወድቃል። እንደ እኔ አታጨብጭቡ። መጀመሪያ የሚይዘው ሰው ፈልጉለት፣ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩት።

ምንታምር፣ ያን ቀን ስልኩን ስትዘጊው የምደርስ የማልደርስ መሆኔን አላወቅሽም። ደርሻለሁ። ፊቱን አይቼዋለሁ።